ዕቃ ሳይሰበር ሥራውን የሚያቆመው እንዴት ነው?

አንድ ዕጩ መምህር «ያልተሰበረ ዕቃ እንዴት ይሞታል?» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው ጥሩ ነውና በምሳሌ እንመልከተው። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሬቮልቭ የተባለች፣ የቤት መብራትንና የበር ቁልፍን ከስልክ ለማዘዝ የምታገለግል መሣሪያ በአሜሪካ 300 ዶላር ገደማ ትሸጥ ነበር። በ2014 የጉግል ንብረት የሆነው ኔስት ኩባንያውን ገዛና ሽያጩን አቆመ፤ በግንቦት ወር 2016 ደግሞ አገልግሎቱን ዘጋው። መሣሪያዋ አልተቃጠለችም፣ ሽቦዋም አልተበጠሰም። ነገር ግን ሥራዋ የተንጠለጠለው ሩቅ ባለው በኩባንያው ኮምፒዩተር ላይ ስለነበር፣ እርሱ ሲዘጋ ለባለቤቱ ባዶ ሣጥን ቀረለት። ገንዘቡን የከፈለው ለዕቃው መስሎት ነበር እኮ!

አሁን ደግሞ የኔስትን የቤት ሙቀት መቆጣጠሪያ አነጻጽሩ። በ2011 እና በ2012 የወጡት ሞዴሎች ጥቅምት 25 ቀን 2025 ድጋፍ ተቋረጠባቸው። ከስልክ ማዘዝ ቀረ። ሆኖም ግድግዳው ዘንድ ሄዶ ቀለበቱን በእጅ ማዞር ይቻላል፤ ማሞቂያውም ይታዘዛል። ለምን ቢሉ፣ ዋናው የማዘዣ ክፍል እዚያው ዕቃው ውስጥ ስላለ ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። ፕሮግራሙ መታደስ ሲያቆም፣ ከዚያ ወዲያ የሚገኝበት ቀዳዳ ሳይደፈን ይቀራል። ዕቃው ከኢንተርኔት ጋር እንደተያያዘ ከቆየ ለጠላፊዎች በር ይሆናል። ይህን ሻጩ ላይነግራችሁ ይችላል።

ትምህርቱን በክፍል ለማሳየት ቴርሞስታት አያስፈልግም፤ አንድ ስልክ ይበቃል። ኢንተርኔቱን አጥፉና ተማሪዎቹ ይሞክሩት፤ የትኛው ፕሮግራም ይሠራል? የትኛውስ እምቢ ይላል? ለምን?