ሐኪም በሌለበት ቀበሌ ማን ያክማል?

በደቡብ ኦሞ ያለችው ኦሞራቴ ከጂንካ ከተማ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከእሷ አልፎ ደግሞ የዳሰነች ከብት አርቢዎች ውኃና ግጦሽ ተከትለው የሚሰፍሩባቸው መንደሮች አሉ። እዚያ ሌሊት ትንፋሽ ያጠረውን ሕፃን ጂንካ ሆስፒታል እስኪደርስ ሳንባ ምች አይጠብቀውም። በየመንደሩ ሐኪም ማስቀመጥም አይቻልም። ስለዚህ ሕክምናው ራሱ ወደ መንደሩ መሄድ አለበት።

ኢትዮጵያ በ1995 ዓ.ም የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን የጀመረችው በዚህ ሐሳብ ነው። 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁ የአካባቢው ወጣት ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው ሁለት ሁለት ሆነው በቀበሌያቸው ጤና ኬላ ይመደቡ ነበር። መጀመሪያ ላይ ሥራቸው በአብዛኛው በሽታን መከላከል ነበር፤ በ2003 ዓ.ም አካባቢ ግን ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ከሳንባ ምች፣ ከተቅማጥ፣ ከወባና ከከባድ የምግብ እጥረት ማከም ተጨመረበት።

አንድ ዓመት የተማረች ልጅ ሳንባ ምችን በምን ትለያለች? ትንፋሽ በመቁጠር ነው። ሕፃኑ ማልቀሱንና መጥባቱን እስኪተው ትጠብቃለች፤ ልብሱን ገለጥ አድርጋ የደረቱን መውጣትና መውረድ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ትቆጥራለች። ያሳለው ልጅ ዕድሜው ከ2 እስከ 12 ወር ከሆነ 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ከሆነ 40 ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ሳንባ ምች ነው ብላ አሞክሲሲሊን ትጀምርለታለች። መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ራሱን ከሳተ ግን ሳትዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ሪፈር ትጽፋለች። የሥልጠናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፦ የምትችለውን በትክክል መሥራት፣ ከአቅሟ በላይ የሆነውን ቶሎ ማወቅ።

በደቡብ ኦሞ አንድ ተጨማሪ መስፈርት አለ። «ልጁ ይጠባል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በሐመርኛ፣ በኛንጋቶምኛ ወይም በሙርሲኛ ካልተጠየቀ እውነተኛ መልስ አይገኝም። በአርብቶ አደር አካባቢዎች የትምህርት መስፈርቱ ዝቅ መደረጉና ወንዶችም እንዲሠለጥኑ መፈቀዱ ከሕዝቡ የወጣና አብሮት የሚንቀሳቀስ ሰው ለማግኘት ይረዳል።

ሠራተኛው ለሕዝቡ ያለው ቅርበት ወረርሽኝንም ለመያዝ ይጠቅማል። በ2005 ዓ.ም ደቡብ ኦሞ ውስጥ ቢጫ ወባ ሲነሣ ከ500 ሺህ በላይ ሰዎችን ለመከተብ ዘመቻ ተደረገ። በኅዳር 2018 ዓ.ም ደግሞ ጂንካ ላይ ማርበርግ የተባለው ገዳይ የቫይረስ በሽታ ተረጋገጠ። እንዲህ ያለ በሽታ ሳይስፋፋ የሚያዘው በመንደሩ ያልተለመደ ሕመም ወይም ሞት ሲታይ በዚያው ቀን የሚያሳውቅ ሰው ካለ ነው።

ይሁን እንጂ ሠልጣኟን መርቆ መላክ ብቻውን አይበቃም። መድኃኒት ካለቀባት እናቶች ወደ ጤና ኬላው መምጣት ይተዋሉ፤ ከጤና ጣቢያ መጥቶ አሠራሯን የሚያይና የሚያርም ከሌለ የተማረችው ይዘነጋታል፤ ሪፈር ብትጽፍም አምቡላንስ ካልመጣ ወረቀቱ ሕይወት አያተርፍም። የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛን ለማሠልጠን የሚመደብ በጀት መድኃኒቱን፣ ክትትሉንና መጓጓዣውን አብሮ ማካተት አለበት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሥልጠናው የሰርተፍኬት ወጪ ሆኖ ይቀራል።