የጥርስ ሐኪም ስንቀይር የሕክምና ማኅደራችንን ለመውሰድ ምን ያህል ልንከፍል ይገባል?

በጤና ዓምዳችን ዛሬ ይዘንላችሁ የቀረብነው ስለ አንድ በሽታ ወይም ስለ አንድ ምግብ አይደለም። ጉዳያችን በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች መኖሪያ ወይም ኢንሹራንስ ሲቀይሩ የሚገጥማቸው፣ ትንሽ የሚመስል ነገር ግን ኪስንም ጤናንም የሚነካ ነው። ይኸውም የጥርስ ሕክምና ማኅደርን ከቀድሞው ሐኪም ወደ አዲሱ ለማዛወር የሚጠየቀው ክፍያ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አባት፣ እናትና ሦስት ልጆች ያሉት ቤተሰብ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ተዛወረ እንበል። እናት ለቀድሞው ክሊኒክ ደውላ የቤተሰቡን ማኅደር ለአዲሱ ሐኪም እንዲልኩላት ትጠይቃለች። መልሱ «ማዛወሪያው ለአንድ ሰው 75 ዶላር ነው» የሚል ይሆናል። ለአምስት ሰው 375 ዶላር ማለት ነው። እናት የቤት ኪራዩንና የአስቤዛውን ሒሳብ ታስብና «ይቅርብኝ፤ አዲሱ ሐኪም እንደገና ራጅ ያንሳን» ብላ ትተወዋለች።

ይህች እናት ገንዘብ ያዳነች ይመስላታል። ነገር ግን ብዙ የጥርስ ኢንሹራንሶች የመላ አፍ ራጅን የሚከፍሉት በሦስት ወይም በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቤተሰቡ አምና ተነስቶ ከሆነ የዘንድሮው ሙሉ ሒሳብ ከኪሷ ይወጣል። ሒሳቡን ፈርታ ቀጠሮውን ካራዘመች ደግሞ የቀድሞው ሐኪም «በሚቀጥለው እናየዋለን» ብሎ የጻፈላት የልጇ ጥርስ ሳይታይ ይቆያል። በመሙላት ሊድን የሚችለው ቀዳዳ ጊዜ ሲያገኝ ወደ ነርቩ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ሕክምናውም ሕመሙም ወጪውም ይከብዳል።

ስለሆነም ሕጉ ምን እንደሚል አውቆ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ማኅደሩ ውስጥ ምን አለ?

ከሀገር ቤት የመጣን ሰዎች «ካርድ» ስንል በአእምሯችን የሚመጣው ሐኪሙ የሚጽፍበት አንድ ወረቀት ነው። የጥርስ ሕክምና ማኅደር ግን ከዚያ ይሰፋል። በውስጡ የሚከተሉት ይገኛሉ፦

• የራጅ ምስሎች፣ ከተነሱበት ቀን ጋር፤
• የትኛው ጥርስ እንደተሞላ፣ እንደተነቀለ፣ የነርቭ ሕክምና (ሩት ካናል) እንደተደረገለት ወይም ሽፋን እንደተደረገለት የሚያሳይ መዝገብ፤
• የድድ ጥልቀት ልኬት፤
• የመድኃኒት አለርጂና ሌሎች በሽታዎች፤
• ገና ያልተሠራ ግን የታቀደ ሕክምና፤
• የክፍያና የኢንሹራንስ ሒሳብ።

ለአዲሱ ሐኪም ትልቁ ጥቅም ማነጻጸር ነው። የዛሬ ሁለት ዓመቱን ራጅ ከዛሬው ጎን ሲያደርገው ቀዳዳው እየሰፋ መሆኑን ወይም ባለበት መቆሙን ያውቃል። የድድ ልኬቱም እንዲሁ ነው። የቀድሞው ከሌለ አዲሱ ሐኪም የሚያየው የዛሬን ብቻ ነው። የጥርስ ራጅ ጨረር አነስተኛ ቢሆንም፣ በቂ ምስል እያለ በተለይ ሕፃናትን ያለ ምክንያት ደጋግሞ ማንሳት አይመከርም።

ሕጉ ምን ይላል?

በአሜሪካ በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ በተለምዶ «ሂፓ» ተብሎ የሚጠራው የፌዴራል ሕግ አለ። ብዙ ሰው ሂፓን የሚያውቀው ምስጢር የሚጠብቅ ሕግ አድርጎ ነው። በሕጉ መሠረት የወጣውና ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ደንብ ግን ሌላም ነገር ይዟል። ይኸውም ታካሚው የራሱን ማኅደር የማየትና ቅጂ የማግኘት መብት አለው። ዋናው ማኅደር ክሊኒኩ ዘንድ ይቀመጣል፤ ቅጂው ግን መብታችን ነው።

ክሊኒኩ ጥያቄው በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ቅጂውን መስጠት አለበት። ካልቻለ ምክንያቱን በጽሑፍ አስታውቆ አንድ ጊዜ ብቻ ሌላ 30 ቀን ሊጨምር ይችላል።

ይህ ደንብ የሚመለከተው እንደ ኢንሹራንስ ጥያቄ ያሉ ሥራዎችን በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚያከናውኑ ክሊኒኮችን ነው። በእጅ ብቻ የሚሠራ ክሊኒክ ከገጠማችሁ የግዛቱን ሕግ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የሚፈቀድ ክፍያና የማይፈቀድ ክፍያ

ሕጉ «በነፃ ይሰጥ» አይልም። ክፍያው ግን ተመጣጣኝና ቅጂውን ለማዘጋጀት በወጣው ወጪ ላይ ብቻ የተመሠረተ መሆን አለበት።

ክሊኒኩ ሊያስከፍል የሚችለው፦

1ኛ. ቅጂውን ለማዘጋጀት የወሰደውን የሥራ ጊዜ፤
2ኛ. የወረቀት፣ የሲዲ ወይም የፍላሽ ዋጋ፤
3ኛ. በፖስታ እንዲላክ ከጠየቅን የፖስታ ዋጋ፤
4ኛ. ማጠቃለያ ተጽፎ እንዲሰጠን ከተስማማን የዚያን ዋጋ።

ሊያስከፍል የማይችለው ደግሞ፦

1ኛ. ማኅደሩን ፈልጎ ለማውጣት፤
2ኛ. የታካሚውን ማንነት ለማጣራት፤
3ኛ. ኮምፒውተሩንና የማስቀመጫ ሥርዓቱን ለማስተዳደር፤
4ኛ. በኮምፒውተር ያለ ማኅደር በኤሌክትሮኒክ ሲሰጥ በገጽ እየቆጠረ።

በኤሌክትሮኒክ ለሚሰጥ ቅጂ ክሊኒኩ ወጪውን እየቆጠረ ማስላት ካልፈለገ ከ6.50 ዶላር ያልበለጠ ቁርጥ ዋጋ መጠየቅ ይችላል። ይህ ቁጥር የሁሉም ጣሪያ አይደለም፤ እውነተኛ ወጪውን አስልቶ ከዚያ በላይ የሚያስከፍል ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ጥቂት ምስሎችን በኢሜል ለመላክ 75 ዶላር የሚጠይቅ ክሊኒክ ሒሳቡን እንዴት እንዳወጣው መጠየቅ ተገቢ ነው። የክፍያውንም ግምት አስቀድሞ ሊነግረን ይገባል።

ክሊኒኩ ድረስ ሄዶ ማኅደርን ማየት ክፍያ የለውም። እያዩ ማስታወሻ መያዝ ወይም በራስ ስልክ ፎቶ ማንሳትም እንዲሁ አያስከፍልም። የግዛት ሕግ ደግሞ ለታካሚው የተሻለ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ በካሊፎርኒያ የወረቀት ቅጂ በገጽ ከ25 ሳንቲም በላይ አይጠየቅበትም፤ ቅጂው የሚሰጥበትም ጊዜ 15 ቀን ነው።

ማን ጠየቀ? ለማን ይላክ?

ውድ አንባብያን፣ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ለአዲሱ ሐኪም ላኩልኝ» ማለትና «ለእኔ ስጡኝ» ማለት በሕጉ ፊት አንድ አይደሉም።

አንድ ክሊኒክ ለሌላ ክሊኒክ ለሕክምና ሲል ማኅደር መላክ ይፈቀድለታል። ብዙዎቹም ያለ ክፍያ በኢሜል ይልካሉ። ነገር ግን ከላይ ያየነው የክፍያ ገደብ በዚህ መንገድ ለሚላክ ማኅደር አይሠራም። ታካሚው ራሱ «ለእገሌ ላኩልኝ» ብሎ ለሦስተኛ ወገን ሲያዝም ቢሆን፣ የፌዴራል ፍርድ ቤት በ2020 እ.ኤ.አ. በሰጠው ውሳኔ ገደቡ እንደማይሠራ ተወስኗል። ገደቡ በእርግጠኝነት የሚጠብቀን ቅጂውን ለራሳችን ስንጠይቅ ነው።

በመሆኑም በመጀመሪያ አዲሱ ክሊኒክ እንዲጠይቅልን እናድርግ፤ በነፃ ከተላከ ነገሩ አለቀ። ክፍያ ከተጠራ ግን ቅጂውን በራሳችን ስም ጠይቀን በእጃችን ይዘን እንሂድ። ለራስ መጠየቅ አንድ ሌላ ጥቅምም አለው፤ ቅጂው ቤታችን ስለሚቀመጥ ነገ ሌላ ሐኪም ብንቀይር እንደገና አንለምንም።

ያልተከፈለ ሒሳብ ካለብንስ?

«የቀረብሽን ሒሳብ ካልከፈልሽ ማኅደርሽን አንሰጥሽም» የተባለች እህት ብትኖር፣ ይህ በደንቡ የተከለከለ መሆኑን ትወቅ። የሕክምና ሒሳብ አልተከፈለም ተብሎ ቅጂ አይከለከልም። ይሁን እንጂ ማኅደሩን ስለወሰድን ዕዳው አይሰረዝም። ዲናችን የሰውን ሐቅ በመመለስ ላይ ምን ያህል እንደሚያጠብቅ ሁላችንም እናውቃለን። ስለሆነም ክሊኒኩን በጊዜ ተከፋፍሎ የሚከፈል ስምምነት መጠየቅና ቃልን መጠበቅ ይገባል።

በተግባር ምን እናድርግ?

1ኛ. ከመዛወራችን በፊት እንጠይቅ። በተለይ ሐኪሙ ጡረታ የሚወጣ ወይም ክሊኒኩ የሚዘጋ ከሆነ ማኅደሩ ማን ዘንድ እንደሚቀመጥ እንወቅ።

2ኛ. ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ሆኖ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የምንፈልገው ነገር ዝርዝር፣ ቅጂው የሚሰጥበት መንገድ፣ ቀንና ፊርማ ይኑርበት። «በሂፓ ራይት ኦፍ አክሰስ መሠረት የራሴን ማኅደር እጠይቃለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር አይቅር። አንድ ቅጂ እኛ ዘንድ ይቀመጥ።

3ኛ. ራጁ በኤሌክትሮኒክ፣ በሙሉ ጥራቱና ከነቀኑ እንዲሰጠን እንጠይቅ። በተራ ወረቀት የታተመ ራጅ ለሐኪም ብዙም አይጠቅምም። በኢሜል ከሆነ ክሊኒኩ ኢሜል ፍጹም ጥበቃ እንደሌለው ሊነግረን ይችላል፤ አውቀን ከተስማማን ይላክልናል።

4ኛ. ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች እናት ወይም አባት ይጠይቃሉ። 18 ዓመት የሞላው ልጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ መፈረም አለበት። ባልና ሚስትም እያንዳንዳቸው ለየራሳቸው ይፈርማሉ። እንግሊዝኛ የማይችሉ አባት ወይም እናት ካሉን ደብዳቤውን እኛ ጽፈን፣ ይዘቱን በሚገባ አስረድተናቸው እርሳቸው ይፈርሙ።

5ኛ. የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ (ብሬስ) ያለው ልጅ ካለን ከማኅደሩ ጋር የውሉንና የቀሪ ክፍያውን ዝርዝር እንጠይቅ። ሕክምናው መሐል ላይ ሲቋረጥ የትኛው ክሊኒክ ምን ያህል እንደሠራ መታወቅ አለበት።

እምቢ ቢሉስ?

በመጀመሪያ በትሕትና የክሊኒኩን ኃላፊ ማነጋገር ይሻላል። ብዙ ጊዜ በስልክ የሚመልሰው ሠራተኛ ደንቡን ስለማያውቅ እንጂ በክፋት አይደለም። በዚህ ካልተፈታ በፌዴራሉ የጤናና ሰብዓዊ አገልግሎቶች መሥሪያ ቤት ሥር ለሚገኘው የሲቪል መብቶች ቢሮ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። አቤቱታው በነፃ ነው፤ ነገሩን ባወቅን በ180 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። ክሊኒኩ አቤቱታ ስላቀረብን ሊበቀለን አይችልም።

«የእኔን ጩኸት ማን ይሰማል?» የሚል ካለ ይህን ያስተውል። በጆርጂያ ግዛት አንዲት ታካሚ በኅዳር 2019 እ.ኤ.አ. ማኅደሯን ከጥርስ ክሊኒክ ጠየቀች። ክሊኒኩ 170 ዶላር የቅጂ ክፍያ ጠየቃት፤ አልከፍልም ስትል ሳይሰጣት ቀረ። ማኅደሩ የደረሳት በየካቲት 2021 እ.ኤ.አ. ነው። ቢሮው አቤቱታዋን መርምሮ በ2022 እ.ኤ.አ. ክሊኒኩ 80,000 ዶላር እንዲከፍልና አሠራሩን እንዲያስተካክል ስምምነት ላይ ተደረሰ። በዚያው ጊዜ በኔቫዳ ግዛት የራሷንና የልጇን ማኅደር ጠይቃ ከስምንት ወር በላይ የጠበቀች እናት ጉዳይም በ25,000 ዶላር ስምምነት ተዘግቷል። ሁለቱም ጉዳዮች የተነሱት ታካሚዎች ባቀረቡት አቤቱታ ነው።

እንግዲህ በምሳሌያችን ላይ ያየናት እናት አምስት ደብዳቤ አዘጋጅታ ቢሆን ኖሮ፣ ባልዋ የራሱን ፈርሞ እርሷ የራሷንና የልጆቿን ብትፈርም፣ 375 ዶላር ሳይሆን የቅጂውን እውነተኛ ወጪ ብቻ ይጠየቁ ነበር። የልጇም ጥርስ በጊዜው በታየ ነበር። በዚህ ወር ከቤተሰባችሁ ጋር ሆናችሁ የየአንዳንዳችሁ የጥርስ ማኅደር የት እንዳለ ቆጥራችሁ እወቁ፤ ለማያውቀው ጎረቤትም ንገሩ።

ለቤተሰብ መወያያ

• ለመጨረሻ ጊዜ የጥርስ ራጅ የተነሳነው መቼና የት ነው?
• ማኅደርን «ለእኔ ስጡኝ» ማለት «ለአዲሱ ሐኪም ላኩልኝ» ከማለት በምን ይለያል?
• ክሊኒክ ሊያስከፍል የማይችላቸው አራቱ ነገሮች ምንድን ናቸው?

አላህ ጤናችንንና የልጆቻችንን ጤና ይጠብቅልን። አሚን። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።