ከመርጨትዎ በፊት ቀፎውን ያስቡ፦ የንብን ማሽተት ከጸረ-ተባይ ለመጠበቅ ሰባት ደረጃዎች

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው ገጠር መስከረም ሲጠባ ሁለት ሥራ በአንድ ማሳ ላይ ይገናኛል። ኑጉ፣ መጩና አደይ አበባው ፈክቶ ንብ የዓመቱን ዋና ማር የምትሰበስብበት ጊዜ ነው። በርበሬውና በቆሎውም ከትል የሚጠበቀው ያኔ ነው። ብዙ ንብ አናቢ ከርጭት በኋላ በቀፎው ደጅ የሞተ ንብ ካላየ «ተርፈናል» ብሎ ይረጋጋል። ጉዳቱ ግን ሁልጊዜ በሬሳ አይታወቅም። ለመግደል ያልበቃ መርዝ የንቧን ማሽተትና ማስታወስ ያደነዝዛል። እንዲህ የተጎዳች ንብ አበባውን መለየት ያቅታታል፤ ከወጣች በኋላም ሳትመለስ ልትቀር ትችላለች። ቀፎው ሬሳ ሳይታይበት ይሳሳል።

መርዙ ማሽተትን እንዴት ይጎዳል?

ንብ የምታሸተው በሁለቱ አንቴናዎቿ ነው። በእያንዳንዱ አንቴና ላይ 60 ሺህ ገደማ ሽታ ተቀባይ ነርቮች አሉ። ነርቮቹ መልእክታቸውን ወደ አንጎል የሚያስተላልፉት አሴቲልኮሊን በተባለ ንጥረ ነገር አማካይነት ነው። ማላታይንና ዳይሜቶኤት የተባሉት ጸረ-ተባዮች ሥራውን የጨረሰውን አሴቲልኮሊን የሚያስወግደውን ኢንዛይም ያግዳሉ። ኢሚዳክሎፕሪድና ቲያሜቶክሳም የተባሉት ደግሞ በአሴቲልኮሊን ቦታ ገብተው ነርቩን ይቀሰቅሳሉ። በሁለቱም መንገድ መልእክቱ ይዛባል። በ2013 እ.ኤ.አ. የስኮትላንዱ ዳንዲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሽታን ለመማር የሚያገለግሉት የንብ አንጎል ነርቮች በኢሚዳክሎፕሪድ ሲነኩ መጀመሪያ ከልክ በላይ ተነቃቅተው ኋላ ምላሽ መስጠት እንደሚያቆሙ አሳይተዋል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በፈረንሳይ በተደረገ ጥናት ለሞት የማያበቃ ቲያሜቶክሳም የቀመሱ ብዙ ንቦች ወደ ቀፏቸው ሳይመለሱ ቀርተዋል። የአውሮፓ ኅብረት በ2018 እ.ኤ.አ. ኢሚዳክሎፕሪድን፣ ክሎቲያኒዲንንና ቲያሜቶክሳምን ከቤት ውጭ ባለ ሰብል ላይ መጠቀምን ከልክሏል።

ንብ ያለ ማሽተት ኑሮ የላትም። አውራዋ መኖሯን የምታውቀው በሽታ ነው። በበር የቆሙት ዘቦች ባዳውን ከቤተሰብ የሚለዩት፣ የአደጋ ጥሪም የሚተላለፈው በሽታ ነው። ስለዚህ ከርጭት በፊት፣ በርጭት ጊዜና ከርጭት በኋላ የሚከተሉትን ያድርጉ።

ደረጃ 1፦ መርጨት የግድ መሆኑን ያረጋግጡ። ማሳውን ዞረው ትሉን ይፈልጉ። መጤው ተምች በ2009 ዓ.ም. አገራችን ሲገባ ብዙ ገበሬ እንቁላሉንና ትሉን በእጁ ለቅሞ ተከላክሏል። ጥቃቱ ገና ጥቂት ከሆነ ዛሬም ይህ ይሠራል።

ደረጃ 2፦ የሚገዙትን ይወቁ። በሃይላንድ ተቀንሶ የሚሸጥ ኬሚካል አይግዙ፤ ስሙም መጠኑም አይታወቅም። ፈቃድ ካለው ሻጭ፣ ምልክቱ ካልተላጠ ዕቃ ይግዙ። «ለንብ አደገኛ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካለው፣ ቀበሌ ያለውን የግብርና ባለሙያ ሌላ አማራጭ ይጠይቁ። ዱቄት የሆነው ከፈሳሹ የከፋ ነው። ንብ በፊት እግሯ ላይ ባለው ጎድጓዳ መጥረጊያ አንቴናዋን ደጋግማ ትጠርጋለች፤ ዱቄቱ ጠጉሯ ላይ ተጣብቆ ከአበባው ብናኝ ጋር ተጠቅልሎ ለእጭ ቀለብ ይሆናል።

ደረጃ 3፦ አይደባልቁ። ለዋግ የሚረጨውን ቲልት ከተባይ ማጥፊያው ካራቴ ጋር በአንድ መርጫ መበጥበጥ ጉልበት የሚቆጥብ ይመስላል። ነገር ግን በቲልት ውስጥ ያለው ፕሮፒኮናዞል ንቧ የካራቴን መርዝ ከሰውነቷ እንዳታስወግድ ያደርጋታል፤ መርዙም ይበረታባታል።

ደረጃ 4፦ ለጎረቤት አስቀድመው ይንገሩ። ንብ እስከ 3 ኪሎ ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ርቃ ትቀስማለች፤ የእርስዎ ማሳ የሌላ ሰው ቀፎ ግጦሽ ነው። ከሁለት ቀን በፊት «አያ እገሌ፣ ከነገ ወዲያ ማታ በርበሬዬን ልረጭ ነው፤ ቀፎዎን ያስቡበት» ማለት ይበቃል። የአካባቢው ሰው በአንድ ማታ ቢረጭ ደግሞ ቀፎ የሚዘጋው አንዴ ብቻ ይሆናል።

ደረጃ 5፦ ሲመሽ ይርጩ። ትክክለኛው ሰዓት ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ፣ ንቡ ሲገባና ነፋሱ ሲበርድ ነው። ማለዳ ጥሩ አይደለም፤ ንብ የበቆሎውን የወንዴ አበባ ብናኝ የምትሰበስበው በዋናነት ጠዋት ነው። በማታ የተረጨ ኬሚካል ሌሊቱን ይደርቃል። እንደ ዳይሜቶኤት ያለው ግን ለቀናት መርዝነቱ ስለሚቆይ ባበበ ሰብል ላይ ፈጽሞ አይርጩት። በድንበሩ ያበበውን አረምና ቁጥቋጦም አይንኩ። የመርጫውን እጣቢ በላህ፣ በብር ወይም በፈጣም ወንዝ አይድፉ፤ ንብም ከብትም ሰውም ከዚያ ይጠጣል።

ደረጃ 6፦ ቀፎውን በጥንቃቄ ይዝጉ። ንቡ ሁሉ ከገባ በኋላ በሩን አየር በሚያስገባ ወንፊት ሽቦ ይዝጉ። ባህላዊ ቀፎ ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ ትርፉን በእርጥብ እበት መርገው አንዱን በሽቦ ይሸፍኑ። ቀፎውን ጥላ ሥር አድርገው እርጥብ ጆንያ ያልብሱት፤ ጆንያው ሲደርቅ ውኃ ይርጩበት። በፀሐይ የተዘጋ መንጋ ታፍኖ ያልቃል። ስለዚህ ከአንድ ቀን በላይ አይዝጉ፤ በማግስቱ ማታ ይክፈቱት። አጠገቡ ጠጠር የተደረገበት ንጹሕ የውኃ ሳህን ያስቀምጡ፤ ንቧ ከተረጨ ቅጠል ላይ ጤዛ እንዳትጠጣ ያግዛል።

ደረጃ 7፦ የሚመለሱትን ይቁጠሩ። ከርጭቱ በፊት በሦስት ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ላይ ለአንድ ደቂቃ ከቀፎው በር አጠገብ ቆመው በእግራቸው ብናኝ ይዘው የሚገቡትን ንቦች ቆጥረው ይጻፉ። ከርጭቱ በኋላም በተመሳሳይ ሰዓትና አየር በሦስት ጠዋት ይቁጠሩ። ቁጥሩ በጣም ካሽቆለቆለ በደጅ ሬሳ ባይኖርም ንቦችዎ ሜዳ እየቀሩ ሊሆን ይችላል። ምላሷን አውጥታ የምትንቀጠቀጥ፣ አንቴናዋን ያለ እረፍት የምትጠርግ፣ በበር ላይ ከራሷ እኅቶች ጋር የምትጣላ ንብ ካዩም የመመረዝ ምልክት ነው። ያን ጊዜ አንድ እጅ ስኳር በአንድ እጅ ውኃ በጥብጠው ይመግቡ፤ ከርጭቱ በኋላ ብናኝ የተከማቸበትን ሰፈፍ ያውጡ። የረጩትን ኬሚካል ስምና ቀን ይዘው ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ።

የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 660/2002 እና የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ሁለቱም በ2002 ዓ.ም. የወጡ ሕጎች ናቸው። ሆኖም በማታው ሰዓት ማሳው ላይ የሚቆመው ገበሬው ብቻ ነው። ኑጉን የምታዳቅለው ንብ ናት፤ በርበሬውም በእርሷ ጉብኝት ይጠቀማል። ገበሬዎች ሆይ፣ የመርጫውን ሰዓት ከጠዋት ወደ ማታ ማዞር ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከዘንድሮው ርጭት ይጀምሩ።