እህልንና ገንዘብን በልክ ስለ ማዋል

ሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ከዚያ ወደ ሰሜን ሲሄዱ የአምባሰል አገር ይገኛል። በዚህ አካባቢ የሚኖረው ገበሬ ጤፍ፣ ማሽላና ባቄላ ያመርታል፤ ከብት፣ በግና ፍየል ያረባል። ምርቱ የሰመረ እንደሆነ በጥር ወር ጎተራው ሙሉ ነው። ክረምት ሲገባ ግን ብዙ ቤት ይጎድላል። ታዲያ እህሉ የት ገባ?

ይህን ለማወቅ ሂሳቡን በደብተር እንጻፈው። አንድ ገበሬ 15 ኩንታል አገኘ እንበል። ለቤተሰቡ የዓመት ቀለብ 8 ኩንታል፣ ለዘር 1 ኩንታል ያስፈልገዋል። ለግብር፣ ለጨው፣ ለልብስ፣ ለልጆች ትምህርትና ለቅሬ መዋጮ ደግሞ 3 ኩንታል ይሸጣል። ይህ ሲደመር 12 ነው። የተረፈው 3 ኩንታል ለክፉ ቀን ይቀመጣል።

3 ኩንታል ማለት ከ15ቱ አምስተኛው እጅ ነው። ይህ ቁጥር አዲስ አይደለም። የዮሴፍን ታሪክ ከቄስ ሰምተነዋል፤ ፊደል ከቆጠርን ወዲህ ግን ራሳችን በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 41 ልናነበው እንችላለን። ዮሴፍ በጥጋቡ ሰባት ዓመት ከምርቱ አምስተኛውን እጅ አስቀመጠ። የረሃቡ ሰባት ዓመት ሲመጣ ሕዝቡ በዚያ ተረፈ። ዮሴፍ በእግዚአብሔር ያምን ነበር፤ ቢሆንም ጎተራ ሠራ። ማመንና መቆጠብ አይጣሉም።

አሁን በዚያው ዓመት የገበሬው አባት ሞቱ እንበል። ዘመድ «ተዝካሩ እንዳያንስ፣ ሰው ምን ይላል?» ይላል። ለጠላውና ለእንጀራው 5 ኩንታል ይወጣል፤ አንድ የእርሻ በሬም ይታረዳል። የተቀመጠው 3 ኩንታል አለቀ፤ ከቀለቡም 2 ተነሣ። 8 ኩንታል ለ12 ወር ከበቃ፣ የቀረው 6 ኩንታል የሚበቃው ለ9 ወር ብቻ ነው። በጥር የጀመረው ቀለብ መስከረም ሲያልቅ ያልቃል። ጥማዱም ፈረሰ። ገበሬው ወይ መቀናጆ ይፈልጋል፣ ወይ መሬቱን ለእኩል ይሰጣል፣ ወይ ከአራጣ አበዳሪ ደጅ ይቆማል። አራጣን ደግሞ መጽሐፍ ይከለክላል።

ሟችን ማክበር ተገቢ ነው። ጸሎተ ፍትሐት ማድረስና ለድሃ መመጽወት የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው። በሬ አርዶ አገር መጥራት ግን ልማድ እንጂ ሥርዓት አይደለም። ለጠገበ ጎረቤት ከተደገሰ ግብዣ ይልቅ ለተራበ የተሰጠ አንድ ቁና እህል ይበልጣል። ጌታም በወንጌል ግንብ ሊሠራ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ አስተምሯል።

ወሎ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም፣ ኋላም በ1977 ዓ.ም በረሃብ ተጎድቷል። ያን መከራ ያመጣው የገበሬው አባካኝነት አይደለም፤ ዝናብ ጠፋ፣ እርዳታም ዘገየ። አማርትያ ሴን የተባለ የሕንድ የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1973 ዓ.ም ባሳተመው መጽሐፍ ስለ መጀመሪያው ረሃብ ሲያስረዳ፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ይላል። ገበሬው ግን ምርቱ ጠፍቶ ከብቱም አልቆ መግዣ አጣ። እንግዲህ ቁጠባ ድርቅን አያስቀርም። ነገር ግን የተቀመጠ እህልና የተረፈ በሬ ላለው ቤት ጥቂት ወራት ያተርፋል፤ ጥቂት ወራት ደግሞ ነፍስ ያድናል።

ስለዚህ ምን እናድርግ? ባልና ሚስት በመኸር ጊዜ አብረው ይቁጠሩ። ጎተራውን የምታውቅ እማወራዋ ናትና ሳትማከር እህል አይሸጥ። የዘሩ እህል ለብቻው ተለይቶ ይቀመጥ፤ ነቀዝ እንዳይበላው በደንብ ይድረቅ። ትርፍ ገንዘብ ካለ በዕቁብ፣ ወይም ዛሬ ጸደይ ባንክ በሆነው በቀድሞው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ዓይነት ቦታ ይቀመጥ። በአገራችን ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ቅሬ ይቀባበራል፤ የድግሱን ልክ ቅሬው ተማክሮ ቢወስን ማንም ብቻውን አያፍርም።

መጻፍም አይርሳ። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን፣ ከ13ኛው መቶ ዓመት የቆየ ወንጌል አለ። በዚያ ወንጌል ላይ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ሰፍሯል። መነኮሳቱ ያላቸውን ቆጥረው ጻፉ። እኛም ያለንን ቆጥረን እንጻፍ። ያልተቆጠረ ሀብት ሲጎድል አይታወቅም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የዓመቱ ምርት 20 ኩንታል ቢሆን አምስተኛው እጅ ስንት ነው?
2. ቀለቡ ከ8 ኩንታል ወደ 4 ቢወርድ ለስንት ወር ይበቃል?
3. በእናንተ ቅሬ ለተዝካር ምን ያህል ይወጣል? በልክ ለማድረግ ምን ቢወሰን ይሻላል?