ምክንያትና ውጤት፦ የጥጥ ቃጫ ጥራት

ተማሪዎች! በዚህ ትምህርት አንድን ውጤት ካስከተለው ምክንያት ጋር እያያያዛችሁ መጻፍን ትለማመዳላችሁ። በቅድሚያ የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ጥጥ ለገበያ ሲቀርብ የሚታየው ክብደቱ ብቻ አይደለም፤ የቃጫው ርዝመት፣ ጥንካሬ፣ ቅጥነትና ንጽሕናም ይመረመራል። እያንዳንዱ ቃጫ ከዘሩ ልባስ ላይ የሚበቅል አንድ ሕዋስ ነው። አበባው ከፈካ በኋላ ሦስት ሳምንት ለሚሆን ጊዜ ቃጫው በርዝመት ያድጋል፤ ከዚያም ግድግዳው ከውስጥ በኩል ሴሉሎስ እየደረበ ይወፍራል። ስለዚህ ተክሉ በመጀመሪያው ወቅት ውሃ ከተጠማ ቃጫው አጭር ሆኖ ይቀራል። ሳይበስል የተለቀመ ጥጥ ደግሞ የቃጫው ግድግዳ ስለሚሳሳ ቀለም በእኩልነት አይቀበልም። ነጭ ዝንብ የተባለው ተባይ የሚያንጠባጥበው ጣፋጭ ፈሳሽም በፈነዳው ጥጥ ላይ ሲያርፍ ቃጫውን ያጣብቃል፤ በመሆኑም የፋብሪካው መፍተያ ይታወካል።

በአፋር፣ በመካከለኛው አዋሽ ሸለቆ የሚገኘው የወረር የእርሻ ምርምር ማዕከል ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጥጥን ሲያጠና ቆይቷል። በአገራችን የመስኖ እርሻዎች ከተዘሩት ዝርያዎች መካከል ከአሜሪካ የመጡት አካላና ዴልታፓይን 90 ይገኙባቸዋል። የተመራማሪው ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ምክንያቱም ብዙ ምርት የሚሰጥ ዝርያ ሁሉ ጠንካራ ቃጫ አይሰጥም። ስለሆነም ተመራማሪው ሁለት ዝርያዎችን ያዳቅላል፤ ከተገኙት ተክሎችም የተሻሉትን እየመረጠ ለተከታታይ ዓመታት ይዘራል። ይሁን እንጂ የብዙ ዓመት ድካም በአንድ ቀን የለቀማ ግዴለሽነት ሊባክን ይችላል። ያልበሰለው ከበሰለው፣ ቅጠሉም ከጥጡ ጋር ከተደባለቀ ዋጋው ይወድቃል፤ ክረምት ከበጋ የለፋው ገበሬም ይጎዳል።

ልብ በሉ፦ «ስለዚህ»፣ «ስለሆነም» እና «በመሆኑም» ምክንያቱ ከተነገረ በኋላ ውጤቱን ያስከትላሉ። «ምክንያቱም» ግን ውጤቱን አስቀድሞ ምክንያቱን ያስከትላል። «ስለሚሳሳ» በሚለው ቃል ላይ እንደምታዩት፣ «ስለ» ከግሥ ጋር ተጣብቆ ሁለቱን ሐሳቦች በአንድ ዓረፍተ ነገር ያያይዛል።

መልመጃ

ሀ. ከምንባቡ ሦስት ምክንያቶችን ከነውጤታቸው አውጥታችሁ ጻፉ።

ለ. «ምክንያቱም» ያለበትን ዓረፍተ ነገር «ስለ»ን በመጠቀም መልሳችሁ ጻፉ። ትርጉሙ እንዳይለወጥ ተጠንቀቁ።

ሐ. በአካባቢያችሁ ጥጥ ዳምጠውና ነድፈው በእንዝርት የሚፈትሉ እናት ካሉ፣ ክር ለምን እንደሚበጠስ ጠይቋቸው። የነገሯችሁን በአንድ አንቀጽ ጻፉ።