ጥላ ለሁሉም
የትምህርት ርዕስ፦ ዛፍና የከተማ ኑሮ

በኦሪት ዘፍጥረት 2፥15 እንደምንማረው፣ ሰው በገነት የተቀመጠው እንዲያለማትና እንዲጠብቃት ነው። ይህ አደራ ለገጠሩ ገበሬ ብቻ አልተሰጠም፤ በከተማ የምንኖር ምእመናንም እንጠየቅበታለን።

ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረችው ድሬዳዋ በከዚራ ዛፎቿ ትታወቃለች። ዛፍ ጥላ ከመስጠቱም በላይ በቅጠሉ በኩል ውሃ እየተነነ አየሩ እንዲቀዘቅዝ ያደርጋል፤ አቧራ ይይዛል፤ ሥሩም ዝናቡ ወደ መሬት እንዲሰርግ ይረዳል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ደቻቱ ሞልቶ ከ200 የሚበልጡ ወገኖቻችንን ሲወስድ፣ የላይኛው ተራራ መራቆት ለታችኛው ከተማ ምን ያህል አደጋ እንደሆነ አይተናል። ስለዚህ በከተማ መትከል ብቻ አይበቃም፤ ተራራውም ደን መልበስ አለበት።

ነፍሰ ኄር ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው መልእክታቸው፣ ያማረ አረንጓዴ ሥፍራ በተመቻቸው ሰፈሮች ሲገኝ ድኾች በሚኖሩበት ግን መታጣቱን ያመለክታሉ። እንግዲህ በታይዋን ገበያ ፀሐይ ላይ ለሚውሉት ቸርቻሪ፣ ተሸካሚና ሕፃን ላዘለች እናት ጥላ ማሰብ የቅንጦት ሳይሆን የፍትሕ ጉዳይ ነው። በአንድ ዛፍ ሥር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብረው ያርፋሉ፤ ጉርብትናም ይጸናል።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
1. በሰፈራችን ጥላ የሌለው ማን ነው?
2. በክረምት የተከልነውን ችግኝ በበጋ የሚያጠጣው ማን ነው?

መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ማሳደግ ግን የዓመታት ታማኝነት ይጠይቃል። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሁለተኛውን ጥያቄ ሳይመለስ እንዳያልፉት አደራ እንላለን።