ጎማ ወይስ ሰንሰለት? የብረት ለበስ ተሽከርካሪዎች እንቅስቃሴና የወቅት ጥያቄ በይፋት ቆላ

ከባለጎማና ከባለሰንሰለት ብረት ለበስ ተሽከርካሪዎች የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር በወታደራዊ ምሕንድስና ጽሑፎች ዘንድ የቆየ ነው። የተለመደው መልስ በክብደት ላይ ይመሠረታል። ከ10 ቶን በታች ለሆነው ጎማ፣ ከ20 ቶን በላይ ለሆነው ሰንሰለት ይመረጣል፤ በመካከል ያለው እንደ ግዳጁ ይወሰናል። ይህ መልስ መሬቱን እንደ ቋሚ ነገር ይቆጥረዋል። በሸዋ ሮቢትና በዙሪያዋ ባለው የይፋት ቆላ ግን መሬቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ባሕርዩን ደጋግሞ ይለውጣል። ስለዚህ በዚህ ስፍራ ክብደትን ብቻ ይዞ የሚነሣ ሞዴል ከመነሻው ይሳሳታል።

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በስተምዕራብ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጣርማ በር ሰንሰለታማ ተራራ ያዋስናታል። የሮቢና የጀውሃ ወንዞች ከዚህ ተራራ ወርደው ሜዳውን አቋርጠው ወደ አዋሽ ያመራሉ። በወንዞቹ ዳር ደለል፣ በሜዳው ደግሞ መረሬ አፈር በስፋት ይገኛል። መረሬ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በዚያን ጊዜ ጥንካሬው ለማንኛውም ተሽከርካሪ ይበቃል። ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይላቁጣል፣ ከጎማም ከሰንሰለትም ላይ ይጣበቃል። ዝናቡም በበልግና በክረምት ስለሚመጣ ይህ ለውጥ በዓመት ሁለት ጊዜ ይደገማል።

የልዩነቱን መነሻ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ቲ-55 ታንክ 36 ቶን ይመዝናል። እያንዳንዱ ሰንሰለት 58 ሴንቲ ሜትር ስፋት ሲኖረው፣ 3.84 ሜትር ያህሉ መሬት ይነካል። ክብደቱ ለዚህ ስፋት ሲካፈል በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 0.81 ኪሎ ግራም አማካይ ግፊት ይገኛል። ቢቲአር-60 በአንጻሩ 10 ቶን ከጥቂት የሚመዝን ባለስምንት ጎማ ነው። የጎማ ግፊት በመሬት ላይ ከሚያርፈው ግፊት ጋር ስለሚቀራረብ፣ ጎማው በ2.5 ኪሎ ግራም ቢነፋ ክብደቱ ከታንኩ ሢሶ የማይሞላው ተሽከርካሪ ሦስት እጥፍ የሚሆን ግፊት ያሳርፋል። ሹፌሩ ከመቀመጫው ሳይነሣ ጎማውን ማስተንፈስ መቻሉ ልዩነቱን ያጠብበዋል። በታንኩም በኩል ቢሆን 0.81 የሚለው ቁጥር አታላይ ነው፤ ክብደቱ በሰንሰለቱ ላይ እኩል አይሰራጭም፤ ከሥር ተሸካሚ ጎማዎቹ ባሉበት ነጥብ ላይ ያለው ግፊት ከአማካዩ በእጅጉ ይበልጣል። ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች አማካዩን ብቻ ይዘው ማለፋቸው ስለዚህ አያስመሰግንም።

የአካባቢው ታሪክ ነገሩን ያጎላዋል። የማርሻል ባዶሊዮ የሞተር ጦር ከደሴ ተነሥቶ ከሚያዝያ 18 እስከ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሥ፣ ከ1,700 የሚበልጡ መኪኖችንና አንድ የቀላል ታንኮች ክፍልን አሰልፎ ነበር። ዋናው ሰልፍ በይፋት ቆላ በኩል አልፎ ወደ ደብረ ሲና ወጣ። ወቅቱ በልግ ነበርና መንገዱ ጨቀየ፤ ወታደሮች መኪኖቹን በእጃቸው ለመግፋት ተገደዱ። ጣርማ በር ላይ ደግሞ ኢትዮጵያውያን መንገዱን ቆርጠውት ስለ ነበር ጉዞው ከአንድ ቀን በላይ ተገታ። በዚያ ገደል ባለሦስት ቶኑ ባለሰንሰለት ታንክም ከጭነት መኪናው የተሻለ ዕድል አልነበረውም። ሜዳው ላይ ቢያልፍ እንኳ ነዳጁ የሚመጣው በጎማ ነው። በ1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ በዚሁ መስመር በተቃራኒው አቅጣጫ ወደ ደሴ ሲዘምት የሄደው በጎማ ነበር፤ ከኮምቦልቻ በላይ ያለውን ጦርነት የወሰኑት ግን ኮረብታ የወጡት እግረኞችና መድፎች ናቸው።

ጦርነቱ በኅዳር 2014 ዓ.ም. እስከ ሸዋ ሮቢት ሲዘልቅ ወሩ የደረቅ ወቅትና የማሽላ መሰብሰቢያ ጊዜ ነበር። ያንኑ ሜዳ በነሐሴ የሚያስበው ሞዴል ፈጽሞ ሌላ ውጤት ማውጣት ይኖርበታል።

እንቅስቃሴን ለመተንበይ የሚሠራበት ዘዴ የአፈርን ጥንካሬ በኮን ፔኔትሮሜትር ለክቶ ተሽከርካሪው ለማለፍ ከሚጠይቀው ዝቅተኛ ጥንካሬ ጋር ያነጻጽራል። ይህ ዝቅተኛ ጥንካሬ ለአንድ ጊዜ ማለፊያና ለ50 ጊዜ ማለፊያ ለየብቻ ይሰጣል። ለሰልፍ ጉዞ ወሳኙ ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም እርጥብ ሸክላማ አፈር በተረገጠ ቁጥር ይዳከማል፤ የመጀመሪያው ባለጎማ ያለፈበትን ቦይ አሥረኛው ላይወጣው ይችላል። ስለዚህ ለይፋት የሚዘጋጅ ሞዴል ቢያንስ ለበጋ፣ ለበልግና ለክረምት የተለያየ የአፈር ካርታ ያስፈልገዋል፤ በዓመታዊ አማካይ የሚሠራው በአንዱም ወቅት ትክክል አይሆንም። ከአስፋልቱና ከድልድዮቹ የማይወጣ ጉዞ በሚታሰብበት ጊዜ ደግሞ ጎማ በፍጥነትም በነዳጅም ይበልጣል፤ ሰንሰለት መንገዱን ይጎዳል፣ ራሱም ቶሎ ያልቃል።

በእነዚህ ሞዴሎች የማይቆጠረው ተሽከርካሪው ካለፈ በኋላ የሚቀረው ነው። ማሾ፣ ጤፍና ማሽላ የሚዘራበት ማሳ ላይኛው ንብርብር የሚጠቀጠቀው በግፊት ነው፤ በዚህ ረገድ ሰንሰለት ይሻላል። ጥልቁ ንብርብር የሚታመቀው ግን በጠቅላላ ክብደት ነው፤ በዚህ ደግሞ ከባዱ ታንክ ይከፋል። ማረሻ የሚደርሰው ላይኛው ላይ ብቻ ነው። መረሬ እየሰነጠቀና እያበጠ ራሱን በከፊል ያድሳል፤ የወንዝ ዳሩ ደለል ግን ይህ ጠባይ የለውም፤ በመስኖ ሽንኩርት የሚለማው ደግሞ በአብዛኛው እዚያው ደለል ላይ ነው።